የማዕዶት ቮልስና የሼቻ ዳገት

ማዕዶት ባዘዘውን ቁጭ ብላ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ አላየሁም። ደበሌ እባላለሁ፤ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ጋራዥ አለኝ፤ ከእነማዕዶት ቤት ጋር አጥራችን አንድ ነው። ልጅቷን የወተት ጥርሷ ሲነቀል ጀምሮ አውቃታለሁ። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ስልክ ስታወራ ግቢውን ትዞራለች፤ ድንገት በርጩማ ላይ አረፍ ካለችም እግሯ እንደ ስፌት መኪና ይርገበገባል። ሥራዋ ሙዝ የሚጫንበት ቦታ ሚዛን ላይ ነው። እዚያም ሚዛኑ ሳይረጋ “ቀጥል! ቀጥል!” እያለች ሸካሚዎቹን መውጫ መግቢያ ታሳጣቸዋለች አሉ። እናቷን እትዬ ሻሺቱን አንድ ቀን “ይህቺን ልጅ ምን አብልተሽ ነው ያሳደግሻት?” ብላት፣ “እኔ እንጃ ደበሌ፤ ሆዴ ውስጥ እያለም እንዲህ ነበር” አለችኝ። እትዬ ሻሺቱ ተራራው ጫፍ ላይ ካለችው ከኦቾሎ የመጣች ናት፤ አማርኛዋ ላይ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው፤ ነገሯ ግን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ልጅ ናት ሃያ ዓመት ግድም የተኛች ቮልስ አስነሳለሁ ብላ የተነሳችው። ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት!

ቮልሷ የአባቷ ናት። መምህር ባዘዘው በወጣትነታቸው ፊዚክስ ሊያስተምሩ ከጎጃም ተመድበው መጡ፤ የኦቾሎ ልጅ አገቡ፤ እዚሁ ቀሩ። መኪናዋን የገዟት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነበር። ስትሠራ እኔ አላየኋትም፤ ያኔ በሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ አቧራ ስቅም ነበር። ጋራዥ ከፍቼ ጎረቤታቸው ስሆን ቮልሷ ማንጎው ሥር ተኝታለች። ሞተሯ የቆመው ማዕዶት ገና ስትድህ ነው አሉኝ። ማንጎ እየወደቀ ጣሪያዋን አጎድጉዶታል፤ ዶሮዎች የኋላ ወንበሯን ቤታቸው አድርገውታል። መምህር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቅና ባልዲ ይዘው ይወጡና ይወለውሏታል። “ትነሳለች” ይላሉ። ምን ትነሳለች! ዕቃው ሲገኝ ጊዜው የለም፤ ጊዜው ሲገኝ ዕቃው የለም። እንዲሁ ሲወለውሏት እሳቸው ቀድመው ሄዱ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሐዘኑ ገና ሳይበርድ ማዕዶት አጥሩን ዘላ መጣች። በር አለ እኮ! እሷ ግን በር አትወድም፤ ዙሪያ ጥምጥም ይሆንባታል። ከአባቷ ኮት ኪስ ያወጣችውን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

“ጋሽ ደበሌ፣ ቮልሷን አስነሳልኝ።”

“መቼ?”

“ነገ።”

“ነገ? አንቺ ልጅ፣ ለዚች መኪና መካኒክ ሳይሆን ነቢይ ነው የሚያስፈልጋት!”

“እሺ፣ ከነገ ወዲያ።”

“ስሚ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።”

“እንቁላሉማ የኋላ ወንበር ላይ ሞልቷል። የማትሄደው መኪናዋ ናት” ብላኝ አረፈች።

ሳልወድ በግዴ ሳቅኩ። በሳቅ ነው የገባሁበት፤ መውጫው ጠፋኝ እንጂ።

ወንድሟ ክብሩ በአሥር ዓመት ይበልጣታል። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ዝግ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ አስቦ የሚናገር ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ፍሩት። ለአባቱ ሙት ዓመት ሲመጣ ቮልሷን በሯ ወልቆ፣ ሞተሯ ወርዶ፣ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ አገኛት። ዞሮ አያት፤ እጁን ኪሱ ከተተ።

“ይህን ነገር ተዉት” አለ። “አዲስ አበባ አሮጌ መኪና እየሰበሰበ ለሠርግ የሚያከራይ ሰው አለ። አናግሬዋለሁ፤ እንዳለች ይወስዳታል።”

“የአባዬን መኪና?” አለች ማዕዶት።

“አባዬ ‘ትነሳለች፣ ትነሳለች’ ሲል ነው ዕድሜው ያለቀው። በመጣሁ ቁጥር እዚህ ማንጎ ሥር ይህችን ሬሳ ማየት ሰልችቶኛል። አንቺም እንደሱ ጨርቅ ይዘሽ ልታረጂ ነው?”

ማዕዶት መፍቻውን ከእጅ ወደ እጅ ታገላብጣለች። ፊቷ ቀልቷል።

“አንተ አባዬ ሲነዳት ታውቃለህ” አለችው። “ከጎኑ ተቀምጠህ ትምህርት ቤት ሄደሃል። እኔ የማውቀው ሲወለውላት ብቻ ነው። የእኔ አባት ባልዲ የያዘ ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን እንኳ እሱ በሄደባት ልሂድባት! ይህ ይበዛብኛል?”

 ክብሩ የቮልሷን ጣሪያ በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ “እሺ” አለ። “ለመስቀል እመጣለሁ። የመስቀል ዕለት ከዚህ ተነስታ ሼቻን በራሷ ሞተር ከወጣች፣ ሰው ሳይገፋት፣ ያንቺ ናት። ሊብሬውንም በስምሽ አዞርልሻለሁ። ካልወጣች ግን በማግስቱ በአይሱዙ ጭኜ እወስዳታለሁ። ያኔ እንዳታለቅሺብኝ።”

“ሼቻን?” አለች እትዬ ሻሺቱ ከበሩ ላይ ሆና።

“አዎ እማዬ፣ ሼቻን።”

እናቱ አየት አደረገችውና ወደ ቤት ገባች።  እኔም ምንም አልጠረጠርኩም።

አርባ ምንጭን ለማያውቅ ልንገር። ከተማችን ሁለት ናት፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሼቻ። መሃላቸው ዳገት ነው። አስፋልት ነው፣ ግን ዳገት ነው፤ ሰው የሞላው ባጃጅ ሲወጣው እንደሚያምጥ ያቃስታል። ማዕዶት ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ “እሺ!” አለች። እኔ ራሴን ያዝኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ጠዋት ጋራዡን ሳልከፍት ትጠብቀኛለች፤ ከሥራ እንደወጣች ደግሞ ሙዝ ሙዝ እየሸተተች ትመለሳለች።

“ዛሬ ምን እንሠራለን?”

“ዝገት እንፍቃለን።”

“ትናንትም ዝገት ነበር!”

“ነገም ዝገት ነው።”

ወለሏን ዝገቱ በልቶት መሬቱ ይታይ ነበር። ላሜራ ቆርጠን በየድን። ብሎን ስታጠብቅ፣ ስታጠብቅ ትበጥሰዋለች። ስቱኮው ሳይደርቅ ቀለም ቀባችበት፤ ሁለት ቀን ሳይቆይ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሳ፤ ሙሉውን ፈቅፍቀን እንደገና ጀመርን። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ብላት፣ “ተረትህን ለራስህ ጋሽ ደበሌ፤ ቡሩሹን አቀብለኝ” አለችኝ። ደሜ ሲፈላ “ውጪልኝ!” ብዬ አባርራታለሁ። በበር አስወጣታለሁ፤ በአጥር ትመለሳለች።

ካርቡሬተሩ አልቆለት ነበር። ደጋው ላይ፣ ገረሴ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የእኛዋን የመሰለች ቮልስ ቆማለች ሲሏት፣ “መጀመሪያ ደውዪና ጠይቂ” እያልኳት በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሄደች። ስትመለስ ካርቡሬተሩን በነጠላዋ ጠቅልላዋለች፤ ደግሞ ሳላዛት በር ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ አስወረደች። ደስ አለኝ፤ የእኛ አንዱ በር በስብሶ ነበር። ጠጋ ብዬ አየሁት። የቀኝ በር ነው። የእኛ የበሰበሰው የግራው ነው።

“በር በር ነው!” ትለኛለች።

“እንዴ! ጫማሽንስ እንዲህ ነው የምታደርጊው?”

ያን ዳገት ተመልሳ፣ ገረሴ ወጥታ ቀየረችው። ስትመለስ እየሳቀች ነው። ልዋሽ አልችልም፣ ወደድኳት። የራሴ ልጆች አንዳቸውም ዞር ብለው ጋራዤን አያዩም፤ ይህቺ ግን ጥፍሯ ሥር የገባውን ግራሶ ለሙሽራ እንደተቀባ ሂና ለሰው ታሳያለች።

“ካምቢዮውንስ አንከፍተውም?” አለችኝ አንድ ቀን።

“የሚሠራ ነገር አይነካም። ማርሹ ሲገባና ሲወጣ አይተሽ የለ? ደህና ነው” አልኳት። ለእኔ ደህና ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ ደመራ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተነሳች። መጀመሪያ አስነጠሳት፤ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ከዚያ ያ የቮልስ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ዶሮዎቹ ተበተኑ። እትዬ ሻሺቱ ልብስ ስታጥብ ነበር፤ አረፋው እጇ ላይ እንዳለ ወጥታ ማንጎውን ተደግፋ ቆመች። እንባዋ ይወርዳል።

“ድምፁ ያው ነው” አለች። “አልተለወጠም።”

ማዕዶት ዘለለች፣ ጮኸች፣ እኔን አቀፈችኝ፣ እናቷን አቀፈች። ወዲያው ደግሞ፣ “በሉ ግቡ፣ ሼቻ እንውጣ!”

“ያለ ፍሬን? ሐይቅ ውስጥ ልትከቺን ነው?” ብዬ ጮህኩባት። “ነገ ፍሬን፣ ከነገ ወዲያ ደመራ፣ በመስቀል ሼቻ። አበቃ!”

ፍሬኑን ሠራን። ሜዳውን፣ የሲቀላን መንገድ፣ ወዲያ ወዲህ አለችባት። ሰማያዊ ቀለሟ ያበራል። የባጃጅ ልጆች ክላክስ እየነፉ ያጅቧታል። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ ደረቴ አበጠ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ጉድ መስከረም ከጠባ በኋላ ነው የመጣው። በደመራ ዕለት ጠዋት ባጃጅ ነጂ ጋራዤ ደጃፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ “ጋሽ ደበሌ፣ ያንተ ቮልስ ኩልፎ ገብታለች!” አለኝ።

“ምን አባቷ ልታደርግ?”

“ልትታጠብ።”

ኩልፎ ወንዝ ዳር መኪና የሚያጥብ ሁሉ ደንቡን ያውቃል። አይሱዙም ላንድክሩዘርም ወደ ውሃው የሚገባው በኋላው ነው፤ አፍንጫው ወደ መንገዱ፣ ጅራቱ ወደ ወንዙ፤ ሞተሩን ውሃ እንዳይነካው። ባጃጅ ብቻ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ በአፍንጫው ይገባል። እዚህ ያደገ ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ታዲያ ማዕዶት ምን አደረገች? ለወንድሟ አሳምሬ ላሳየው ብላ፣ መኪና የሚገባው በኋላው ነው ብላ፣ መኪናዋን አዙራ፣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ ቀስ ብላ፣ በሕይወቷ አንድ ቀን ቀስ ብላ፣ የቮልስን ጅራት ውሃ ውስጥ ከተተችው። የቮልስ ሞተር ደግሞ ጅራቷ ውስጥ ነው! ስንት ወር ሙሉ በገዛ እጇ ስታወርድና ስትሰቅል የከረመችው ሞተር! አበስኩ ገበርኩ!

ስደርስ ቮልሷ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ጀርባዋ አይታይም። ማዕዶት መሪው ላይ ሆና ቁልፉን ልታዞር ነው።

“አንቺ! እጅሽን አንሺ!” ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። “ውሃ እንደጠጣች ብታስነሻት ሞተሯን ትሰብሪዋለሽ!”

እጇን አነሳች።  “እኔ እኮ ጋሽ ደበሌ… እንደ ሰው ሁሉ ነው የገባሁት…”

“የሰው ሁሉ ሞተር የት ነው? ያንቺስ የት ነው?”

አሰበች። ከዚያ መሪው ላይ በግንባሯ ተደፍታ አለቀሰች። ልሰድባት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ዳር ያሉት አጣቢዎች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እየሳቁም ግን ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና በትከሻቸው አወጧት፤ እስከ ጋራዤም ገፏት። ያን ቀን መገፋት ይፈቀዳል።

ዘይቱን ባወርደው ወተት መስሏል። ካንዴላዎቹን አወጣን፤ ሞተሩን በእጅ ስናዞረው ውሃ እየተፋ ሸሚዜን አራሰው። የሚፈታውን ሁሉ ፈታን፤ ቆርቆሮ ላይ ዘርግተን ለፀሐይ ሰጠነው። የአርባ ምንጭን ፀሐይ ዕድሜዬን ሙሉ ስረግማት ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን መረቅኳት። ማዕዶት ታብሳለች፣ ትነፋለች፣ ትሮጣለች፣ የደረቀውን ደግማ ታብሳለች። “ተይው ይድረቅ!” እላታለሁ። መተው የታባቷ!

በዚህ መሃል ክብሩ ሻንጣውን ይዞ ከተፍ አለ። ቆርቆሮውን አየ፤ ቮልሷን አየ።

“ሞተሩ የት አለ?”

“ፀሐይ እየሞቀ ነው” አልኩት።

አልሳቀም። እህቱን ግንባሯ ላይ ሳማት። “ነገን በሌላ ቀን እንለውጠው?” ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ “እንግዲህ ቃል ቃል ነው” ብሎ ገባ። ተናደድኩ። እንዴት ያለ ድንጋይ ነው ብዬ በሆዴ ሰደብኩት። ማዕዶት ግን፣ “ቃል ነው! እኔም ቃሌ ነው!” እያለች ካንዴላ ትነፋለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠምነው።

በመስቀል ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ጌታ ይመስገን! አዲስ ዘይት ጠጥታ፣ ደህና ትንፋሽ ትተነፍሳለች። ማዕዶት መሪውን ያዘች። እኔ የፊቱን በር ከፈትኩ።

“እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። የሞተሩን ድምፅ መስማት አለብኝ።”

“ሞተሩ ከኋላ አይደለም እንዴ?” አለች እትዬ ሻሺቱ። “አንተ ከእኔ ጋር ከኋላ ና። ከፊት ክብሩ ይቀመጥ።”

“እኔ በባጃጅ እከተላችኋለሁ” አለ ክብሩ ቶሎ ብሎ።

“ዳኛው አንተ አይደለህም? ዳኛ ከፊት ነው የሚቀመጠው። ግባ።”

እናት ናት፤ ገባ። እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆነ፤ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሃል ወተፈ።

መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። “ዮ ማስቃላ!” እያሉ እንኳን አደረሳችሁ ይሉናል፤ ማዕዶትም በክላክስ ትመልሳለች። ሜዳውን ጨርሰን ዳገቱን ጀመርን። ሁለተኛ ማርሽ ደከመ፤ ወደ አንደኛ አወረደችው። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ጎተተች፤ ወጣች፣ ወጣች። እኔ ከኋላ፣ “በርቺ! እንዲሁ ያዢያት!” እላለሁ። እትዬ ሻሺቱ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ታች የአባያ ውሃ እየሰፋ መጣ።

የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ስንደርስ ማርሹ ቷ ብሎ ወጣ።

ሞተሩ ባዶውን ጮኸ። መኪናዋ ቆም አለችና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ማዕዶት ፍሬኑን ረገጠች፤ አንደኛን መልሳ አስገባች፤ ተነሳን፤ ጥቂት ሄድን፤ ቷ! አሁንም ወጣ። በሦስተኛው መሪውን በግራ እጇ፣ ማርሹን በቀኝ እጇ አንቃ ሞከረች። ቀጥ ባለው መንገድ ሄደላት። ጥምዙ ሲመጣ ግን መሪው ለአንድ እጅ አይዞርም፤ ቀኟን ስታነሳ ቷ! እኔ በጆሮዬ ሰማሁት፣ ወዲያው ገባኝ፤ የካምቢዮው ጥርስ ተበልቷል፤ ሜዳ ላይ ያልተሰማው ዳገቱ ሲጫነው ተሰማ። ያን ሰዓት ምን ላድርግ? እጄን ብሰነዝር በሁለቱ ወንበሮች መሃል አይደርስም።

እዚህ አገር ዳገት ላይ የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። የበዓል ልብሱን የለበሰው ሁሉ ትከሻውን አዘጋጅቶ ሮጠ።

“አትግፉ!” ጮኸች ማዕዶት። “በእግዜር አትግፉ!”

“ምን ሆናለች ይህቺ? እንርዳሽ እንጂ!”

“አትንኳት! ከነካችኋት ሄደች!”

አንዱ ለጎማው ታኮ ድንጋይ ይዟል፤ ሌላው ጀሪካን ውሃ ይዞ፣ “ሙቀት ነው፣ ውሃ እናፍስላት” ይላል። “ቮልስ ውሃ አትጠጣም፤ ትናንት የጠጣችው ይበቃታል!” ብዬ ተቆጣሁ። ክብሩ ፊት ለፊቱን እያየ ነው። አልተነቃነቀም። አንገቱ ሥር ላብ ይወርዳል።

ማዕዶት እንደገና አስነሳች። ጥምዙ ውስጥ ገባን። ከላይ አይሱዙ እየወረደ ነው። መሪውን ለመጠምዘዝ ቀኝ እጇን አነሳች፤ ቷ! ወደ ኋላ ሄድን፤ ከኋላችን ሰው አለ፤ ጩኸት ሆነ፤ እትዬ ሻሺቱ “ጌታ ሆይ!” አለች። ማዕዶት ፍሬኑ ላይ ቆመች፤ መኪናዋ ተናወጠች፣ ያዘች። አንደኛን ወተፈችው። እና የክብሩ ግራ እጅ ከጉልበቱ መሃል ወጥቶ ማርሹ ላይ አረፈ።

ማርሽ ይዞ የማያውቅ ሰው እጀታውን ከላይ ይጨብጣል። ክብሩ እንዲያ አልያዘውም። እጀታውን በመዳፉ ወደ ፊት ገፋው፤ ሁለት ጣቱን ከሥር አስገባ፤ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደገፈ። ወገቡን ትንሽ ጠመም አደረገ። ያ እጅ ሥራውን ያውቃል።

“ንጂ” አላት ቀስ ብሎ።

ነዳች። ጥምዙን ዞርን። ማርሹ ተንቀጠቀጠ፣ ተንገጫገጨ፣ ሊወጣ ታገለ፤ አልወጣም።

“አንተ ይህን የት ለመድክ?” አልኩት።

 የመለሰችልኝ እናቱ ናት። “ትምህርት ቤቱ ሼቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት አባቱ ‘ክብሩ፣ ያዝልኝ’ ይለው ነበር። ትንሽ ሆኖ፣ በሁለት እጁ ይይዛል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚወጡት።”

 ማዕዶት ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ “ታውቅ ነበር” አለች።

“አውቅ ነበር።”

“ሼቻን ያልከው እንደማትወጣ እያወቅክ ነው!”

“ብቻሽን እንደማታወጫት እያወቅኩ ነው” አለ።  “ማንጎው ሥር እንደ ሬሳ ተጋድማ ባየኋት ቁጥር… እሱ ‘ያዝልኝ’ ሲለኝ ይሰማኛል፣ ማዕዶት። ከዓይኔ ትጥፋ ብዬ ነው። ክፉ ነገር ነው ያደረግኩት። ካልሽ አሁኑኑ ልልቀቀው፤ ቆመን ተሰዳድበን…”

“እንዳትለቅ!” ጮኸችበት። “በኋላ እሰድብሃለሁ! እንዳትለቅ!”

ክብሩ ከት ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ውስጥ ማልቀስ ጀመረ። ትልቅ ሰው እኮ ነው! “እሱም እንዲህ ነበር የሚጮህብኝ” አለ።   እየጮኸች፣ እየተንቀጠቀጠች፣ አንድ ሰው በጣቱ ሳይነካት ቮልሷ ሼቻን ወጣች።

ላይ ሜዳው ላይ ከመንገዱ ወጣ ብላ ቆመች። ታች በአንድ ወገን አባያ፣ በሌላው ጫሞ ተዘርግተዋል። ሞተሩን አላጠፋችውም። አሁን በሩን በርግዳ ትዘላለች፣ እልል ትላለች፣ መንገዱ ላይ ትጨፍራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልወጣችም። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው። እግሯን አየሁት፤ ያ የስፌት መኪና እግር ጸጥ ብሏል። ክብሩም ማርሹን አልለቀቀም፤ ጣቶቹ ነጥተዋል።

“ያንቺ ናት” አላት። “ለሰውዬውም ዛሬ እደውልለታለሁ።”

“እዚህ ሲደርስ ምን ይልህ ነበር?” አለችው። “አባዬ።”

“እዚህ ሲደርስ…” ወደ አባያ አየ። “‘አሁን ልቀቅ። ጎበዝ፣ ያላንተ አልወጣም ነበር’ ይለኝ ነበር። ሁልጊዜ፣ አንድም ቀን ሳይዘል።”

ማዕዶት ማርሹ ላይ ያለውን እጁን ረጅም ጊዜ አየችው።

“አሁን ልቀቅ” አለችው።

ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። እትዬ ሻሺቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች፣ አልለየሁትም።

“ጨርሺው እንጂ” አላት ክብሩ።

“እሱን ኦቾሎ ስንወጣ፣ እስከ ጫፉ ስትይዝልኝ እነግርሃለሁ” አለችና ክላክሱን ነፋች።